በባሕር ዳር ወደብ የግማሽ ቀን የግል ጉብኝት፦ ከእናቴ ጋር የትኛውን አይተን የትኛውን እንተው?

የሰከላዋ ልጅ (ጥቅምት 4)

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ወር መጨረሻ እናቴን ይዤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ለመሄድ አስቤአለሁ። እናቴ ዕድሜዋ 70 ያለፈ ሲሆን፣ ተወልዳ ያደገችው ሰከላ ውስጥ፣ ከግሽ ዓባይ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ ነው። በልጅነቷ ለጠበል እየሄደች ምንጩን ደጋግማ አይታለች፤ ያ ውኃ ጣና ገብቶ እንደገና ዓባይ ሆኖ ሲወጣ ግን አይታ አታውቅም። ባሕር ዳር ሁለት ጊዜ ሄዳለች፣ ሁለቱንም ጊዜ ከሆስፒታል ወደ መናኸሪያ ነው የተመለሰችው።

በእጃችን ያለው ጊዜ ግማሽ ቀን ብቻ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የዘመድ ተዝካር ስላለብን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሥተን እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ወደ ከተማው መመለስ ይኖርብናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን፣ ክብራን ገብርኤልን፣ ጢስ ዓባይን፣ የቤዛዊትን ኮረብታ፣ እንዲሁም ዓባይ ከጣና የሚወጣበትን ቦታ ለማሳየት አቅጃለሁ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ሜዳ ላይ ግን ቀስ ብላ ትሄዳለች። ጀልባና አስጎብኚ ለብቻችን መከራየት ይሻለናል ወይስ ከሌሎች ጋር መጋራት? ዕቅዱስ የሚሆን ነው? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ዳሞት (ጥቅምት 4)

እኅቴ፣ ለሁለት ሰው ሙሉ ጀልባ መከራየት ገንዘብን ውኃ ላይ መጣል ነው። እኔ ባለፈው ዓመት ወደቡ ላይ ጠብቄ ከማላውቃቸው ስድስት ሰዎች ጋር ተጋርቼ ሄጃለሁ፤ ያየሁት ያው ዘጌ ነው፣ ውኃውም ያው ውኃ ነው። ጠዋት ወርዳችሁ ትንሽ ብትጠብቁ የሚጋራችሁ አታጡም። የተረፈውን ገንዘብ ለእናትሽ ጋቢ ግዢበት።

የጣና ዳር ሰው (ጥቅምት 5)

በጣና ላይ ጀልባ በመንዳት ብዙ ዘመን የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ፣ የምጽፈው ስለ እንጀራዬ መሆኑ ታውቆልኝ የዳሞትን ምክር በአክብሮት እቃወማለሁ።

የሞተር ጀልባ ኪራይ የሚታሰበው በጀልባው ልክ፣ በሞተሩ ጉልበትና በሚሄድበት ርቀት ነው፤ ስለዚህ ስድስት ሰው ሲጋራው ለእያንዳንዱ እንደሚቀል እውነት ነው። ነገር ግን ተጋሪ የሚጠብቅ ሰው የሚከፍለው በጊዜው ነው። ስድስቱ ሰው ተሟልቶ እስኪነሣ 3 ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ፎቶ ሲያነሣ ሌላው ቡና ሲጠጣ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይሄዳል። ሙሉ ቀን ላለው ሰው ይህ ጨዋታ ነው፣ ተዝካር ለሚጠብቃት እናት ግን ጭንቀት ነው። በዚያም ላይ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው የሚሄዱት በራሳቸው እርምጃ ነው፤ በተጋራ ጀልባ ላይ «እማማ፣ ትንሽ ፈጠን ይበሉ» የሚል አይጠፋም።

ሁለተኛው ነፋሱ ነው። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል። ጠዋት እንደ እርጎ ረግቶ የነበረው ውኃ ከቀትር በኋላ ጀልባውን ከፊት እያነሣ ያላትመዋል፣ ከጎን የተቀመጠውም ሰው ይረጥባል። በዚህ ምክንያት የግማሽ ቀን ጉዞ ከተባለ የጠዋቱ ግማሽ መሆን አለበት፤ በዚህ በኩል ዕቅድሽ ትክክል ነው።

በቀረው ግን ዕቅድሽ ከስድስት ሰዓት በላይ ነው። ወደ ዘጌ በተራ ሞተር ጀልባ መሄጃው አንድ ሰዓት ያህል፣ መመለሻውም እንደዚያው ነው። ጢስ ዓባይ ደግሞ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በየብስ የሚኬድበት፣ ከመኪና ከወረዱ በኋላም ዳገትና ቁልቁለት በእግር የሚወጣበት ቦታ ነው። ሁለቱን በአንድ ጠዋት ማየት ሁለቱንም አለማየት ነው። ክብራን ገብርኤልን በተመለከተ፣ ከጥንት ጀምሮ በወንዶች ገዳምነቱ የጸና ስለሆነ ሴቶች አይገቡበትም። ከሁለታችሁ አንዳችሁም የማትገቡበትን ደሴት በዝርዝርሽ ውስጥ ያስገባልሽ ሰው ወይ አልጠየቀሽም ወይ አልሰማሽም። አጠገቡ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ግን ሴቶችንም ታስተናግዳለች።

ጡረተኛው መምህር (ጥቅምት 5)

የጣና ዳር ሰው በተናገረው ላይ ጥቂት ልጨምር። በጥያቄሽ ውስጥ አምስት ቦታዎች ተዘርዝረዋል፣ እናትሽ የፈለጉት ግን አንዱን ብቻ ይመስለኛል፤ እርሱም የዓባይ መውጫ ነው። የቀሩት የአንቺ ምኞቶች ናቸው፣ ቅር እንዳይልሽ።

እናትሽ በልጅነታቸው በእግራቸው እየሄዱ ያዩትን ምንጭ ለማየት ሰዎች ከሩቅ አህጉር ተነሥተው ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል። ኢየሱሳዊው የካቶሊክ ካህን ፔድሮ ፓኤዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1618 ግሽ ደረሰ፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ደግሞ ከ150 ዓመት በላይ ዘግይቶ በ1770 ደርሶ እያለ የመጀመሪያው እኔ ነኝ ብሎ ተከራከረ። የሰከላ ሰው ግን በዚያ ሁሉ ዘመን ጠበሉን ሲጠጣ ነበር። በባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ለዚያው ለፓኤዝ የሚነገር አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ አለ፤ ከሐይቁ ዳር ቅርብ ስለሆነ ከጀልባ ስትወርዱ ጊዜ ከተረፋችሁ አሳያቸው። ለእርሳቸው «የእናንተን ምንጭ አይቶ የጻፈው ሰው» ብለሽ ብታስተዋውቂው ከማንም አስጎብኚ ይልቅ ይገባቸዋል።

የአገሩ ሰው ከግሽ የሚመጣው ዓባይ ጣናን ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል ይላል። ትንሹ ዓባይ በደቡብ ምዕራብ በኩል ወደ ሐይቁ ይገባል፣ ዓባይ ደግሞ በባሕር ዳር በኩል በደቡብ ይወጣል። በመካከል ያለውን እናትሽ እንደሚያምኑት ይመኑት። አሁን መውጫው እንደ ድሮው ለራሱ የተተወ እንዳልሆነ ግን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1988 ዓ.ም. ገደማ በተጠናቀቀው የጫራ ጫራ ግድብ አማካይነት የሚወጣው ውኃ ይመጠናል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ በምዕራቡ ዳርቻ በዋሻ ውኃ ወስዶ ወደ በለስ ሸለቆ ይለቃል። ጢስ ዓባይ በበጋ ለምን እንደሚሳሳ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከዚህ ያገኘዋል። በጥቅምት ገና ውኃ አለው፣ ሆኖም የጉልበት ሕመም ያለበትን ሰው 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ፏፏቴ ፊት ለፊት ለማድረስ የሚያስፈልገው መንገድ ለግማሽ ቀን አይሆንም። ሌላ ዓመት፣ ሌላ ጊዜ።

ስለ ቅደም ተከተሉ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። መውጫውን በመጀመሪያ ማየት ይሻላል፤ ጉማሬ የሚታየው ጠዋት ነው፣ እናትሽም ሳይደክሙ የፈለጉትን ያገኛሉ።

የእንጅባራው (ጥቅምት 6)

ለብቻ መከራየት ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ስምምነቱ ካልጠራ ለብቻ መበሳጨትም ይኖራል። እኔ ከሁለት ዓመት በፊት ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ «ግማሽ ቀን» ተባብለን በቃል ብቻ ተስማምተን ተነሣን። ዘጌ ደርሰን ከቤተ ክርስቲያኑ ስንወጣ ጀልባ ነጂው ሦስት ሰዓት ሞልቷልና ከዚህ በኋላ ያለው ተጨማሪ ነው አለ። ግማሽ ቀን ለእኔ እስከ ምሳ ነበር፣ ለእርሱ ሦስት ሰዓት ኖሯል። ወደ መውጫው እንዲወስደን ስንጠይቀው ደግሞ የነዳጅ ሒሳብ ሌላ ነው ተባልን። የገዳሙ መግቢያ፣ የአካባቢው አስጎብኚ ክፍያ፣ የቪዲዮ ካሜራ ክፍያ ሁሉም በየቦታው ተጨመሩ። ሰውየውን ሌባ አልለውም፣ እርሱም የራሱ ልማድ አለው። ግን በሐይቅ መካከል ሆኖ መከራከር እንዴት እንደሚያሳፍር በልጆቼ ፊት አይቻለሁ።

የጣና ዳር ሰው (ጥቅምት 6)

የእንጅባራው የተናገረው እንዳለ እውነት ነው፤ እንደ ሥራው ሰው ስሰማው ያሳፍረኛል። ስለዚህ እኅታችን ከመነሣቷ በፊት የሚከተለውን ታድርግ። ከመውጣታችሁ በፊት በነበረው ቀን ወደ ወደቡ ወርዳ ጀልባውን በዓይኗ ትይ፤ ጥላ ያለው፣ መደገፊያ ያለው መቀመጫ የተገጠመለት ይሁን፣ የነፍስ አድን ጃኬትም በሰው ቁጥር መኖሩን ትቁጠር፤ «አለ» የሚለውን ቃል ብቻ አትቀበል። ከዚያ የመነሻውን ሰዓትና የመመለሻውን ሰዓት፣ የሚቆምባቸውን ቦታዎች በስም፣ ነዳጁ በዋጋው ውስጥ መሆኑን ጨምራ በወረቀት ታስፍር። የገዳማት መግቢያ ግን ለገዳሙ የሚከፈል ስለሆነ ከጀልባው ዋጋ ጋር አይደባለቅም፤ ደረሰኝ መቀበል ይገባል። ዋጋውን እዚህ የማልጽፈው ነዳጅ በተለወጠ ቁጥር ስለሚለወጥና የዛሬው ቁጥር ነገ ሰው ስለሚያጣላ ነው። ሁለት ሦስት ነጂ ጠይቃ ታመዛዝን። ቀብድ ትስጥ፣ ሙሉውን ግን ስትመለስ ትክፈል።

መምህር፣ ስለ ጉማሬው ልክ ነዎት። ሆኖም ነፋሱ የሚያገኘን ሰፊው ውኃ ላይ ነው፣ መውጫው ግን ደንገል የከበበው የተጠለለ ቦታ ነው። ሰፊውን በጠዋት ተሻግሮ የተጠለለውን ለመጨረሻ ማስቀረት የጀልበኛ ወግ ነው። ጉማሬው ቢቀር ይቅር፣ እማማ ከሚረጥቡ።

ጡረተኛው መምህር (ጥቅምት 6)

እቀበላለሁ። በውኃ ጉዳይ መምህር ከጀልበኛ ጋር አይከራከርም።

ዳሞት (ጥቅምት 6)

ነፋስ ይህን ያህል የሚያሰጋ ከሆነ ዘጌ እኮ በየብስም ይደረሳል፤ መንገድ አለው። ለምን ባጃጅ ወይም መኪና አትይዝም?

ዲያቆን ዘዘጌ (ጥቅምት 7)

የየብሱ መንገድ አለ፣ ነገር ግን ኮረኮንቹ ለታመመ ጉልበት ከማዕበሉ የሚከፋ ይመስለኛል። ደግሞም የእናቲቱ ምኞት ውኃውን ማየት ሆኖ ሳለ በአቧራ መውሰዳቸው ምን ይረባል?

ስለ ገዳማቱ ልጻፍ። ከጀልባ ማቆሚያው እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያለው መንገድ በቡናው ጫካ ውስጥ የሚወጣ ድንጋያማ ዳገት ነው፤ ለጤነኛ ሰው 20 ደቂቃ ያህል ነው፣ ለእናትሽ በእጥፍ አስቢው። አዝዋ ማርያም ግን ከማቆሚያው ቅርብ ናት፣ ብዙ ጎብኚም እየዘለላት ስለሚያልፍ ጸጥ ያለች ናት። ሁለቱም ክብ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ከቅኔ ማኅሌቱ ዞራችሁ ስትገቡ የመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ በአራቱም ማዕዘን በሥዕል ተሞልቶ ታያላችሁ። ሥዕሉ የተሣለው በሸማ ላይ ሆኖ ሸማው በግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። በፈረስ ላይ ያሉ ሰማዕታት፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከአንበሶቻቸውና ከነብሮቻቸው ጋር፣ በእፍኝ ውኃ የዳነው በላዔ ሰብእ አሉ። እናትሽ ተአምረ ማርያም ሲነበብ ያደጉ ስለሆኑ አስጎብኚ ባይኖርም ሥዕሉን ራሳቸው ያነቡታል፤ እንዲያውም ለአንቺ የሚተርኩልሽ እርሳቸው ይሆናሉ። አስጎብኚውን ለታሪኩ ሳይሆን ለመንገዱና ክንድ ለመስጠት ያዢው።

ጫማ በደጅ ይወልቃል፤ ስለዚህ ለማውለቅ መጎንበስ የማይጠይቅ ጫማ ያድርጉ። ነጠላ ይያዝ። ቅዳሴ ካልወጣ ሥዕሉን እየዞሩ ማየት አይቻልምና የደረሳችሁበት ሰዓት ቅዳሴ ከሆነ ቆማችሁ ማስቀደስ ነው፤ ይህም ጉብኝት እንጂ ጊዜ ማጥፋት አይደለም። በወሩ 16 ለኪዳነ ምሕረት ብዙ ሕዝብ ስለሚመጣ ለበረከት ከሆነ ምረጪው፣ ለእርጋታ ከሆነ ሽሺው። በዘጌ በበሬ አይታረስም፤ አቡነ በትረ ማርያም ከተቀበሉት ቃል ኪዳን የመጣ ነው ይባላል። ሕዝቡ በቡናው፣ በጌሾውና በፍራፍሬው ይኖራል። ጫካው እስከ ዛሬ የቆመውም በዚሁ ነው። ስለዚህ መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ ሴት ብታገኙ አትለፏት፣ የሚጠጣው እዚያው የበቀለ ነው።

የሰከላዋ ልጅ (ጥቅምት 7)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዝርዝሬን ሰረዝሁት። አዝዋ ማርያም፣ እናቴ ከቻለች ኡራ፣ ከዚያ የዓባይ መውጫ፣ ሌላ የለም። ጀልባው ለብቻችን ይሆናል። ዳሞት፣ ጋቢውንም እገዛለሁ።

የሰከላዋ ልጅ (ኅዳር 2)

ሄደን ተመለስን። የሆነውን እንዳለ ልጻፍላችሁ፤ ሌላ ሰው ይጠቀምበት ይሆናል።

ባሕር ዳር የገባነው ከጉዞው አንድ ቀን ቀድመን ነው። ከደብረ ማርቆስ እስከዚያ ከ260 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ የመንገዱንም ሁኔታ በየከተማው እየጠየቅን ስለመጣን ስንደርስ መሽቶ ነበር፤ እናቴን በማግሥቱ ጠዋት ውኃ ላይ ማውጣቴ ትንሽ አሳስቦኝ እንደነበር አልደብቅም። በዚያው ምሽት ወደ ከተማው ስንገባ 380 ሜትር በሚረዝመው በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ መብራቱን እንድታይ ብዬ ዞረን አለፍን። እናቴ ከድልድዩ ይልቅ ከሥሩ ያለውን ጨለማ ውኃ ነበር የምታየው። ጀልባውን ለማየት ጊዜ ስላጣሁ እኅቴ በባሕር ዳር የምታውቀው ሰው ቀድሞ ወርዶ አይቶልኝ፣ ስምምነቱንም በወረቀት አስፍሮልኝ ነበር።

የተነሣነው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ውኃው በእርግጥም እንደ እርጎ ነበር። በመንገዳችን ላይ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሁለት ዓሣ አስጋሪዎች አጋጠሙን፤ እናቴ ታንኳው ግማሹ ውኃ ውስጥ ሆኖ ሲሄድ አይታ «ሰውየው ውኃ ላይ ተቀምጦ ነው እንዴ የሚሄደው?» አለች። ክብራንን በሩቁ ተሳልማ አለፈች። ለምን ሴት እንደማይገባ ስነግራት ቅር አላላትም፤ «ደጁን ማየት ይበቃል» ብላ ተወችው፣ እኔ ነኝ ቅር ያለኝ።

አዝዋ ማርያም ስንደርስ ቅዳሴው ወጥቶ ነበር። ዲያቆን እንዳለው ሆነ። አስጎብኚው ስለ ሥዕሉ መናገር ሲጀምር እናቴ በትሕትና አዳምጣ አዳምጣ፣ በላዔ ሰብእ ጋ ስንደርስ አላስቻላትምና ታሪኩን ተቀብላ ጨረሰችው፤ ሰባ ስምንቱን ነፍስ፣ እፍኟን ውኃ፣ ሚዛኑን። አስጎብኚው ልጅ ዝም ብሎ ሰማት። ኡራን ግን አልወጣነውም። ዳገቱን አይታ «ይህ ለአንቺ ነው» አለችኝና ከሥሩ ካለችው ቡና አፍይ ዘንድ ተቀመጠች፣ እኔም አብሬ ተቀመጥሁ። ሦስተኛውን እስክንጠጣ ቆየን፤ ጀልባ ነጂው መጥቶ አልጠራንም። በወረቀቱ ላይ ሰዓቱ ስለተጻፈ ይመስለኛል።

በመመለሻችን አራት ሰዓት ተኩል አልፎ ስለነበር ነፋሱ ጀምሮ ነበር፤ ገና ባይበረታም ጀልባዋ ትዘል ስለነበር እናቴ እጄን አልለቀቀችም። ወደ መውጫው ስንገባ ሁሉም ጸጥ አለ። ጉማሬ አላየንም። እናቴ ግራ ቀኝ ስታይ ቆይታ «ታዲያ ዓባይ የትኛው ነው?» አለች። እውነትም አይለይም፤ ሐይቁም ያው፣ ወንዙም ያው፣ ዳርና ዳሩ ደንገል ነው። እኔ መምህር የጻፉትን ስለ ጫራ ጫራ ላስረዳት ስጀምር ጀልባ ነጂው ሞተሩን አጠፋ። ምንም አልተናገረም። ጀልባዋ ግን አልቆመችም፤ ማንም ሳይነካት ቀስ እያለች ወደ ደቡብ ትሄድ ጀመር። እናቴ እጇን ወደ ውኃው ሰደደች፣ ለረጅም ጊዜም አላወጣችውም። ከዚያ ፊቷን በእጇ አብሳ «ደረሰ» አለች።

ወደቡ ላይ የወረድነው 6 ሰዓት ከሩብ ነው፤ ተዝካሩ ላይ ጠላው ሳይቀዳ ደርሰናል። የቅዱስ ጊዮርጊሱን ሕንፃ ማየት አልቻልንም፣ መምህር ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጡረተኛው መምህር (ኅዳር 2)

ፓኤዝ ይጠብቃል። እናትሽን ሰላም በይልኝ።

ዳሞት (ኅዳር 3)

በተጋራነው ጀልባ ሞተሩን ያጠፋልን ሰው እንዳልነበረ አምናለሁ። እኔም በጥር እናቴንና አክስቶቼን ልወስድ አስቤአለሁ፤ ሰባት ነን። አንድ ጀልባ ይበቃናል ወይስ ሁለት ልያዝ?

የጣና ዳር ሰው (ኅዳር 3)

አንድ ይበቃል፣ ጃኬቱን ግን ሰባት ብለህ ቁጠር። የጥምቀትን ሰሞን አትምረጥ፣ ወደቡ ይጨናነቃል።